በባጃጅ ፍጥነት ሁለት ሰዓት

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«26 ዓመቴ ነው። ቅዳሜና እሁድ ኳስ እጫወታለሁ፤ ሰነፍ የምባል አይደለሁም። ማራቶን በቴሌቪዥን ሳይ ሯጮቹ ዘና ብለው የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ ባጃጅ አለው። እንደ ማራቶን ሯጮቹ በሰዓት 21 ኪሎሜትር ንዳልኝ አልኩትና ከጎኑ መሮጥ ጀመርኩ። 500 ሜትር ሳልሞላ መንገድ ዳር ዘጭ አልኩ። ጓደኛዬ እስካሁን ይስቅብኛል። እነዚህ ሰዎች ይህን ነገር ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዴት ይችሉታል? ከፍታው ነው? ደማቸው ነው? ጫማው ነው? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል እየሮጥኩ ብለማመድስ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አብሽር። በዚያ ፍጥነት ወደ 500 ሜትር ከተጠጋህ ምንም አልሆንክም። እኔ ደሴ ነው የምኖረው፤ ስፖርት ሳይንስ አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት ቦሩ ሜዳ ላይ ከልጆች ጋር እሮጣለሁ። ማለትም እነሱ ይሮጣሉ፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። አንተ በባጃጅ የሞከርከውን እኔ ተማሪዎቼን በየዓመቱ በፉጨት አስሞክራቸዋለሁ። 200 ሜትር ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ የሚያደርገው ብዙ ነው።

ፍጥነቱን በቁጥር እንየው። ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተም በ2023 ቺካጎ ላይ የማራቶኑን 42.195 ኪሎሜትር በ2:00:35 ጨረሰ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ሲካፈል አንዱን ኪሎሜትር በ2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ገደማ ነው የሮጠው። መቶ ሜትሩን በ17 ሰከንድ። ሆጤ ስታዲየም ወስጄህ መቶ ሜትር በ17 ሰከንድ ሩጥ ብልህ ትሮጠዋለህ። «ይቺ ናት?» ሳትለኝም አትቀርም። እሱ ያቺን መቶ ሜትር ሳያርፍ 422 ጊዜ ደጋገማት።

የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ በዚያው ዓመት በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጠች። መቶ ሜትሩ ከ19 ሰከንድ በታች ማለት ነው። ይህች ልጅ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የተወዳደረችው በ800 ሜትር ነበር! ሁለት ደቂቃ ከምትፈጅ ውድድር ተነስታ ሁለት ሰዓት ወደሚፈጅ ሄደች። እኔን እስከዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው።

በኛ መንገድ ላስላልህ። ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና መንገዱ 25 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ኪፕተም በቺካጎው ፍጥነት ከፒያሳ ቢነሳ ኮምቦልቻ ለመግባት አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ይበቃዋል። ግን አልጨረሰም። እዚያው ዞሮ ሌላ 17 ኪሎሜትር ይቀረዋል። በሚቀጥለው ሚኒባስ ስትሳፈር በመስኮት እያየህ አስበው።

አሁን አንተ ለምን ዘጭ እንዳልክ። ሰፈርህ ያለውን ሱቅ አስብ።

ጡንቻ በዋናነት የሚሠራው በኦክስጅን ነው። አንድ ሰው በደቂቃ ውስጥ ሊጠቀምበት የሚችለው ኦክስጅን ጣሪያ አለው፤ ባለሙያዎች ቪ.ኦ.ቱ. ማክስ ይሉታል። ለአንድ ኪሎ ክብደት ሲሰላ፣ ጤነኛ ወጣት ወንድ ከ40 እስከ 45 ሚሊሊትር አካባቢ ነው። አንተ ኳስ ተጫዋች ነህ፣ 50 ልስጥህ። ይህ ደሞዝህ ነው እንበል። በሰዓት 21 ኪሎሜትር መሮጥ ደግሞ በደቂቃ 70 ገደማ ይጠይቅሃል። ይህ ወጪህ ነው። ደሞዝ 50፣ ወጪ 70። የጎደለው 20 ከየት መጣ? ከዱቤ።

ሰውነት ኦክስጅን ሳይጠብቅ ከስኳር ጉልበት የሚያወጣበት መንገድ አለው። ፈጣን ነው፤ ለምን ምናምን አይልም። ደብተሩ ግን ቀጭን ነው። ባለሱቁ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዝም ብሎ ይጽፍልሃል። ከዚያ ሱቁን ይዘጋል። አንተ መንገድ ዳር የተቀመጥከው ሱቁ ሲዘጋ ነው። እግርህ ወይም ወኔህ አይደለም የከዳህ።

በነገራችን ላይ «ላክቲክ አሲድ እግሬን አቃጠለው» የሚባለው ያረጀ ወሬ ነው። ላክቴት፣ ማለትም ከዚያ ፈጣን መንገድ የሚወጣው ነገር፣ መርዝ አይደለም። ልብም ሌሎች ጡንቻዎችም እንደ ነዳጅ ይጠቀሙበታል። ደም ውስጥ ሲከማች ግን ዱቤ መብዛቱን ይጠቁመናል። ስለዚህ ነው አሰልጣኞች የልጆቹን ጣት ወይም ጆሮ ወግተው የሚለኩት።

ታላላቆቹ ሯጮች ጋ ስትመጣ ደሞዙ ከ70 እስከ 85 ይደርሳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «በቃ፣ ሳንባቸው ትልቅ ነው» ብሎ የሚዘጋው። ሳንባው አይደለም፤ ዋናው ልብ ነው። የአንድ ጥሩ ሯጭ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ካንተ በብዙ ይበልጣል። ተኝቶ ሲለካ በደቂቃ 40 ጊዜ ብቻ የሚመታ ልብ ያላቸው አሉ። ግን ደሞዝ ብቻ ማራቶን አያሸንፍም። ትልቅ ደሞዝ ይዘው 30 ኪሎሜትር ላይ ተቆርጠው የቀሩ ስንት አሉ።

ዋናው ጉዳይ ዱቤ የሚጀምርበት መስመር ነው። ያልሰለጠነ ሰው የጣሪያውን 50 ወይም 60 በመቶ ሲደርስ ዱቤ ይጀምራል። የታላላቆቹ መስመር 85 እና 90 በመቶ ድረስ ይሄዳል። ሁለተኛው ነገር ቁጠባ ነው። አንተን 70 የሚያስወጣህ ፍጥነት እነሱን ከዚያ ባነሰ ያስኬዳቸዋል። ሁለቱን ደምራቸው። አንተን በደቂቃ ተኩል ያከሰረህ ፍጥነት ለእነሱ ከዱቤው መስመር በታች ነው። በፀጉር ስንጥቅ ያህል በታች። በቴሌቪዥን ዘና ያሉ የመሰሉህ ተሳስተህ አይደለም። የመጀመሪያውን 30 ኪሎሜትር አንተ ባጃጁ ጎን የቀመስከውን ስቃይ አያውቁትም።

ኪፕተምን ተመልከተው። ቺካጎ ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ በ60:48 ሄደ። ሁለተኛውን በ59:47። በዚያው ዓመት ለንደን ላይም 61:40 ሄዶ በ59:45 ተመለሰ። በዱቤ የጀመረ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሰውዬው ለአንድ ሰዓት ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ ነበር የሚሮጠው። ዙሩ ሲከር ነው ያወጣው። በ2024 መጀመሪያ በመኪና አደጋ ገና በ24 ዓመቱ ባይሞት ምን ያደርግ እንደነበር ማንም አያውቅም።

በ1991 ማይክል ጆይነር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እነዚህን ሦስት ነገሮች፣ ጣሪያውን፣ መስመሩንና ቁጠባውን፣ አንድ ሰው ላይ ቢገኙ ብሎ አሰላ። 1:57:58 መጣለት። ያኔ ክብረ ወሰኑ የኛው በላይነህ ዴንሳሞ በ1988 ሮተርዳም ላይ የሮጠው 2:06:50 ነበር። ወደ 9 ደቂቃ የሚጠጋ ልዩነት! ኬንያዊው ኤሊውድ ኪፕቾጌ በ2019 ቪየና ላይ በአሯሯጮች ታጅቦ 1:59:40 ሲገባ፣ ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት ባይመዘገብም፣ የወረቀቱ ስሌት የቀልድ እንዳልነበር ታየ።

ቁጠባው ከየት ይመጣል? አንዱ ከእግር ቅርፅ ነው። ባታቸው ቀጭን ነው። ከዳሌ የራቀ ክብደት መወዛወዙ ብዙ ጉልበት ይበላል። እግርህ ላይ 100 ግራም ብትጨምር ወጪህ ወደ 1 በመቶ ያድጋል። ሌላው የተረከዝ ጅማት ነው። መሬት ሲረግጡ እንደ ላስቲክ ይወጠርና ሲነሱ ይመልሳል። የቀረው የዓመታት ኪሎሜትር ነው።

ስለ ጫማው ብዙ አልልም። ረድቷል። ካርቦን ሰሌዳ ያለውና ወፍራም ፎም የተገጠመለት ጫማ ሲወጣ በላቦራቶሪ ወደ 4 በመቶ ጉልበት እንደሚቆጥብ ተለክቷል። ትዕግሥት በርሊን ላይ ያደረገችው አንዱ እግር 138 ግራም ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር። ሕጉም ሶሉ ከ40 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ገድቦታል። ግን አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቷል፤ በላይነህም 2:06:50 የሮጠው ይህ ሁሉ ጉድ ሳይመጣ ነው። አንተ ያንን ጫማ ብትገዛ 520 ሜትር ላይ ትቀመጣለህ።

ከፍታውን በተመለከተ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናት፤ እዚያም በአምስተኛ ያህል ያንሳል። ለጓደኛህ ይህን ንገረው፦ ኪፕተም ቺካጎ ላይ የተነፈሰው አየር ካንተ የወፈረ ነበር። ኦክስጅን ሲያጥር ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ እሱም መቅኔን «ቀይ የደም ሕዋስ ጨምር» ይለዋል። ይህንኑ ሆርሞን በመርፌ የሚወስዱ አጭበርባሪዎች አሉ። የሚታገዱትም ለዚያ ነው።

ግን ከፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሸዋ በር ገበያ የሚውለው ነጋዴ ሁሉ ሜዳሊያ ይኖረው ነበር። ላፓዝ የምትባል የቦሊቪያ ከተማ ከ3,600 ሜትር በላይ ናት፤ የማራቶን ሻምፒዮና መንደር ግን አይደለችም። ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ደማቸውን በማወፈር ነው። የኛ ደገኞች ግን በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,500 ሜትር ላይ ሲለኩ ሄሞግሎቢናቸው (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) ከቆላ ሰው ብዙም የተለየ አልነበረም። ስለዚህ «ደማቸው ነው» የሚለው መልስ እንደሚወራው ቀላል አይደለም።

በኢትዮጵያ ሯጮች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ማራቶን ሯጮቹ አብዛኞቹ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ እንደሆኑ፣ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። በቆጂን እየው። አንዲት ትንሽ ከተማ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን አወጣች። አየሩ ከኛ ብዙም አይለይም። እዚያ ግን ልጅ ሲነሳ ከፊቱ የሚሮጥ ሰው አለ። እኛ ጋ ያለው ልጅ ጠዋት ተነስቶ ማንን ይከተላል? ይህ የኔ ግምት ነው፤ ግን ቦሩ ሜዳ ላይ በቆየሁ ቁጥር ይበልጥ አምነዋለሁ።

መከተል ስል የምሬን ነው። የኛ ሯጮች ሲለማመዱ በአንድ መስመር ይደረደራሉ። ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዙ የፊተኛውን እግር ተከትሎ መሄድ ነው። ቀላል ሩጫ ቀን ላይ አንዳንዴ ኪሎሜትሩን ከ5 ደቂቃ በላይ ይሄዳሉ። ያን ቀን አንተም ከኋላቸው ትቆያለህ። አዲስ ልጅ ይህን ሲያይ ይደነግጣል። በየቀኑ እንደ ውድድር የሚሮጡ ይመስለዋላ። እነሱ ግን «ኮንዲሽን» የሚሉትን የሰውነት ብቃት እንደ እንቁላል ነው የሚይዙት። ኮንዲሽን ለመሥራት ወራት ይፈጃል፤ አንድ ያልታሰበ ከባድ ልምምድ ያበላሸዋል። በሳምንት ከ180 እስከ 220 ኪሎሜትር ይሮጣሉ፤ አብዛኛው በቀስታ ነው። ይህ ሁሉ ኪሎሜትር ጡንቻን ከሁለት ሰዓት በኋላም እንዳይዝል ያደርገዋል። ያንተና የኔ ቁጠባ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይበላሻል፤ እግራችን መንሿከክ ይጀምራል። የእነሱ 40ኛው ኪሎሜትር ላይም ከሞላ ጎደል እንደ 5ኛው ነው። ለእኔ ከፍጥነቱ በላይ ተአምሩ እዚያ ላይ ነው።

ምግቡም አለ። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ስኳር 2,000 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። 55 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ ማራቶን ሲሮጥ ወደ 2,300 ያወጣል። ስብ የተወሰነውን ይሸፍናል፤ ግን ስብ ለዚያ ፍጥነት ቀርፋፋ ነው። 30 ወይም 35 ኪሎሜትር ላይ «ግድግዳ ገጨሁ» የሚሉህ ስኳሩ አልቆባቸው ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ በየ5 ኪሎሜትሩ ጠርሙሳቸውን ያነሳሉ፤ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ስኳር ይወስዳሉ። በዚያ ፍጥነት እየሮጡ መጠጣት በራሱ ልምምድ ይፈልጋል። አንድ ልጅ ቦሩ ሜዳ ላይ በበሶ ሞክሮት ነበር። ውጤቱን ቁርስ ላይ ላለ አንባቢ አልናገርም።

ላቡስ? ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2009 ዱባይ ላይ 2:05:29 ሲገባ ከክብደቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋውን በላብ አጥቶ ነበር። ከ5 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ያውም አሸንፎ። ይህን ግን ቤትህ አትሞክር።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ይህን ጥያቄ ስታነሳ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም እኔም በ20ዎቹ ውስጥ ሳለሁ አድርጌዋለሁ። ንጋት ላይ ከደሴ ተነሳሁ። ዶሮ መዝለያን ሳልፍ የሚበር ሰው ነበርኩ። ኮምቦልቻ ስገባ ራሴን አበበ ቢቂላ አድርጌ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስነሳ ጭኔ እንጨት ሆኗል። ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃ የወረድኩት ወደ ኋላዬ ዞሬ ነው። እናቴ «ማን ደበደበህ?» አለችኝ።

ቁልቁል ስትሮጥ የጭን ጡንቻህ እየተለጠጠ ነው ፍሬን የሚይዘው። ትንፋሽህ አይከብድም፤ ስለዚህ ምንም የከፈልክ አይመስልህም። ጡንቻው ውስጥ ግን ጥቃቅን መበጣጠስ ይፈጠራል። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 650 ሜትር ትወርዳለህ፤ በኪሎሜትር 26 ሜትር ገደማ ነው። በዓለም አትሌቲክስ ሕግ ደግሞ የማራቶን ክብረ ወሰን እንዲጸድቅ ውድድሩ በአማካይ በኪሎሜትር ከ1 ሜትር በላይ መውረድ የለበትም። ኬንያዊው ጂኦፍሪ ሙታይ በ2011 ቦስተን ላይ 2:03:02 ሮጦ ክብረ ወሰን ያልተባለለት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቦስተን ከመነሻ እስከ መድረሻ የምትወርደው 140 ሜትር እንኳ አትሞላም። የኛ መንገድ ከዚያ በምን ያህል እንደሚብስ አንተው አስላው።

በፍጹም አትሩጥ እያልኩ አይደለም። ታምራት ቶላ በ2024 ፓሪስ ላይ፣ ተጎድቶ በቀረው ሲሳይ ለማ ምትክ ገብቶ፣ ከ400 ሜትር በላይ ዳገት ባለበት መንገድ 2:06:26 በሆነ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸንፏል። ዳገትና ቁልቁለት የሚችል እግር ያስፈልጋል። ግን አጭር ቁልቁለት፣ በሳምንት አንዴ፣ ለስለስ ባለ አፈር ላይ። አስፋልቱን ለመኪናው ተውለት፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ሲኖትራክ አይቶህ እስኪያቆም መጠበቅ ስፖርት አይደለም።

እኔ ብሆን የምጠቀምበት ሌላ ነገር ነው። ደሴ ተኝተህ ኮምቦልቻ መሮጥ። በዓለም ላይ አትሌቶች ከፍ ብለው ኖረው ዝቅ ብለው ለመፍጠን ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። እርግጥ ኮምቦልቻም ዝቅ ያለች አይደለችም። ቢሆንም ከፍ ያለውና ሞቅ ያለው አየር በአንድ የሚኒባስ መንገድ ላይ ናቸው። አንተ ግን እዚያ ገና አልደረስክም።

አንተ አሁን የሚያስፈልግህ ዱቤው የሚጀምርበትን መስመር ከፍ ማድረግ ነው። እሱ ደግሞ የሚያድገው ከመስመሩ በታች ብዙ በመሮጥ ነው። በሳምንት አራት ቀን፣ ቦርከና ዳር ባለው ሜዳማ መንገድ፣ 30 ደቂቃ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ቀንስ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በአንዱ ቀን 400 ሜትር ፈጠን ብለህ፣ ሁለት ደቂቃ አርፈህ፣ አራት ጊዜ ድገም። እስከዚያ 21 የሚባል ቁጥር እርሳው።

ባጃጁ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አትተወው። ጓደኛህ በ9 ይንዳልህ። ሲሰለቸው ጥሩንባ ማጮሁ አይቀርም፤ አንተ እየሮጥክ ስለ ማታው ኳስ አውራው። እሱ መልስ ሳይሰጥህ አንተ ትንፋሽ ካጠረህ በ8 በለው።